ዌዘርስፑንን ሁሉ ላዳርስ ላለችው እህቴ

ከኋላሽ ቆሜ ስልክሽን አየሁት። ካርታው ላይ የተበተኑት ነጥቦች በሙሉ የዌዘርስፑን ፐቦች ናቸው አልሽኝ፤ አንድ ሳላስቀር ላዳርሳቸው ነው አልሽኝ። ሌላ ሰው ቢሰማሽ «ሥራ ፈታሽ?» ይልሽ ይሆናል። እኔ ግን ደስ ነው ያለኝ። እዚህ አገር ከገባሽ ጀምሮ ከዌስት ግሪን ሮዱ ክፍልሽ ወደ ኬር ሥራሽ፣ ከሥራሽ ወደ ክፍልሽ ስትመላለሺ ነው የማይሽ፤ ኦፍ ስትሆኚ ደግሞ መጋረጃ ዘግተሽ ስልክ ላይ ትውያለሽ። አሁን ከአልጋ የሚያስነሳሽ ነገር ካገኘሽ አልከለክልሽም። ታላቅሽ ነኝና የማውቀውን ልንገርሽ፣ ከዚያ ትወጫለሽ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግርሽ።

መጀመሪያ የነገሩን ልክ እወቂ። ኩባንያው በብሪታንያና በአየርላንድ ወደ 800 የሚጠጉ ቤቶች አሉት። በየሳምንቱ አንድ ብታዪ ከ15 ዓመት በላይ ይፈጅብሻል። ቁጥሩም ባለበት አይቆይም፤ የዛሬ አሥር ዓመት ገደማ ከ900 በላይ ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ ብዙዎቹ ተሸጠዋል፣ አዳዲሶችም ተከፍተዋል። ሁሉንም ለማዳረስ ዓመታት የፈጁ፣ የእንግሊዝ ጋዜጦችም የጻፉላቸው ሰዎች አሉ፤ እነሱም ዛሬ ጨረስን ሲሉ ነገ ሌላ ቤት ይከፈታል። ስለዚህ መጨረስ የሚባለውን ነገር ከሐሳብሽ አውጪው። ደንብሽን ግን ዛሬውኑ ጻፊ። ምን ሲሟላ ነው አንድ ቤት የሚቆጠረው? የሄድሽበት ቤት ከዓመት በኋላ ቢሸጥ ይሰረዛል ወይስ ይቆያል? እኔን ብትጠይቂኝ ይቆያል፤ ሄደሻልና። በር ላይ ፎቶ ተነስቶ መመለስ ግን አይቆጠርም። ተቀምጠሽ፣ አንድ ነገር አዘሽ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን አንብበሽ፣ ደብተርሽ ላይ ሁለት መስመር ካልጻፍሽ አልሄድሽም።

ግድግዳውን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ይህ ኩባንያ ብዙ ጊዜ የሚገዛው የቆየ ሕንፃ ነው፤ ባንክ የነበረ፣ ሲኒማ ቤት የነበረ፣ ፖስታ ቤት የነበረ፣ ቤተ ክርስቲያን የነበረ ሁሉ አለ። የቤቱን ስም አብዛኛውን ጊዜ ከዚያው ከሰፈሩ ታሪክ ያወጣል፤ ታሪኩንም አሳጥሮ ከአሮጌ ፎቶ ጋር በፍሬም ይሰቅለዋል። ሰው ወደ መጸዳጃ ሲሄድ ሳያየው ያልፋል። አንቺ ቁሚና አንብቢው። ነገ ለዜግነት ስታመለክቺ የምትፈተኚው ፈተና 24 ጥያቄ አለው፤ ለማለፍ 18ቱን መመለስ አለብሽ። መጽሐፉን ከመሸምደድ ይልቅ ቦታው ላይ ቆመሽ ያነበብሽው ነገር አእምሮሽ ውስጥ ይቀራል። ይኸው ሰቨን ሲስተርስ ትኖሪ የለ? ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ፔጅ ግሪን ላይ በክብ ከቆሙ ሰባት ዛፎች ነው። የድሮዎቹ ዛፎች አርጅተው በሌላ ተተክተዋል፤ አሁን ያሉትን በ1990ዎቹ የተከሏቸው ሰባት ሰባት እህትማማቾች ያሏቸው ቤተሰቦች ናቸው። በየቀኑ ከምትሄጂበት ጣቢያ ብዙም አይርቁም፤ ማንም ግን አልነገረሽም። እንዲህ ያለውን ነገር ለመስማት ብለሽ ከሄድሽ ጉዞሽ አይባክንም።

ይህ ነገር የተጀመረውም ከአንቺ ሩቅ አይደለም። የኩባንያው መሥራች ቲም ማርቲን የመጀመሪያውን ፐብ በ1979 የከፈተው መስወል ሂል፣ ኮልኒ ሃች ሌን ላይ ነው፤ መስወል ሂልም እንደ ሰቨን ሲስተርስ በሃሪንጌይ ካውንስል ሥር ነው። ያ ቤት ዛሬ የኩባንያው አይደለም፤ ግን መንገዱን ሄደሽ ብታዪው አይከፋም። ጸሐፊው ጆርጅ ኦርዌል በ1946 ምን ዓይነት ፐብ እንደሚመኝ ጽፎ ነበር፤ በሐሳቡ ለሠራው ቤት ያወጣለት ስም «ሙን አንደር ዋተር» ነው። ማርቲን ከዚያ ጽሑፍ ብዙ ወስዷል። በርከት ያሉ የዌዘርስፑን ቤቶች ስማቸው ውስጥ «ሙን» ያለው ከዚያ የተነሳ ነው፤ አብዛኞቹ ሙዚቃ የማይከፍቱትም እንደዚሁ። ብቻዋን ለምትቀመጥ ሴት ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ማንበብም መጻፍም ትችያለሽ፣ ሰው ሲያናግርሽም ለመስማት ብለሽ ወደ ጆሮው አትጠጊም።

ማርቲን የብሬግዚት ቀንደኛ ደጋፊ ስለነበረ ብቻ ደጃፉን የማይረግጡ ሰዎችም ታገኛለሽ። ይህን አውቀሽ ግቢ፤ ውሳኔው የራስሽ ነው። እኔ እገባለሁ። በምገባባቸው ቤቶች ከባንኮኒው ጀርባ የሚቆሙት ብዙዎቹ እንደኛው ከሌላ አገር የመጡ ልጆች ናቸው።

መንገዱን ደግሞ ልንገርሽ። ከሰቨን ሲስተርስ ኦቨርግራውንዱን፣ አሁን ዊቨር የሚባለውን መስመር ያዢ። ሁለተኛው ፌርማታ ስቶክ ኒውዊንግተን ነው፤ እዚያ ዋናው መንገድ ላይ ያለው ሮቸስተር ካስል ኩባንያው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከያዛቸው ቤቶች አንዱ ነው። ጅማሬሽ እሱ ይሁን። ሌላ ቀን በዚያው ባቡር እስከ መጨረሻው ሂጂ። ሊቨርፑል ስትሪት ጣቢያ ላይ ሃሚልተን ሆል የሚባለው አለ። እንደገባሽ ወንበር አትፈልጊ፤ መጀመሪያ ቀና በይ። ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፣ ግድግዳውና ጣሪያው ዙሪያውን የተቀረጸ ጌጥ ነው፣ ከላይ ትልልቅ መብራቶች ተንጠልጥለዋል። የግሬት ኢስተርን ሆቴል የዳንስ አዳራሽ ነበር፤ ስሙም የባቡር ኩባንያው ሊቀመንበር የነበሩት የሎርድ ክላውድ ሃሚልተን ነው። ከሥር ደግሞ ሻንጣውን በእግሩ መሐል አድርጎ ባቡሩን የሚጠብቅ መንገደኛ፣ ቦት ጫማውን ያላወለቀ የግንባታ ሠራተኛ፣ ጋዜጣ የዘረጉ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። በዚያ ዘመን ካልተጠራሽ የማትገቢበት አዳራሽ ውስጥ ዛሬ በአንድ ሻይ ትቀመጫለሽ፤ ማንም ቀና ብሎ አያይሽም።

ከዚያ ደግሞ ወደ ታች እዪ። የነዚህ ቤቶች ምንጣፍ ለየቤቱ ተለይቶ የሚሠራ ነው፤ የአንዱ ከሌላው አይመሳሰልም፣ ንድፉም ብዙ ጊዜ ከቤቱ ታሪክ ይወሰዳል። በ2016 አንድ ደራሲ ስለ ምንጣፎቹ ብቻ መጽሐፍ አሳትሟል። ለመዝገብሽ ፎቶ ማንሳት ከፈለግሽ የሰው ፊት ሳይሆን ምንጣፉን አንሺ፤ ማንም አይቆጣሽም፣ ከዓመታት በኋላም የትኛው ቤት እንደነበረ ምንጣፉ ያስታውስሻል።

በአውቶቡስ ከሆነ 259 ሰቨን ሲስተርስ ሮድን ይዞ ሆሎዌይ ያደርስሻል። ኮሮኔት የሚባለው እዚያ ነው፤ በ1940 የተከፈተ ሲኒማ ቤት ነበር። ስትጨርሺ እራትሽን እዚያ አትብዪ፤ ሆርንሲ ሮድ ላይ ወልቂጤ ክትፎ አለልሽ።

ከለንደን ስትወጪ ደግሞ ሰቨን ሲስተርስ መኖርሽ ዕድል ነው። የቪክቶሪያ መስመር ሳትቀይሪ ስንት ቦታ እንደሚያደርስሽ አስቢው። ኪንግስ ክሮስ ስትወርጂ የሊድስ ባቡር አለ፤ ከጎኑ ሴንት ፓንክራስ ወደ ራምስጌት ይወስድሻል፣ እዚያም ከዌዘርስፑኖች ሁሉ ትልቁ፣ ሮያል ቪክቶሪያ ፓቪሊዮን፣ ባሕሩ ዳር ቆሟል። ዩስተን ላይ የራግቢ ባቡር ነው። ቪክቶሪያ ላይ የዎርዚንግ፣ ቮክሶል ላይ የዊንዘር። የ16–25 የባቡር ካርድ አውጪ፣ ከቲኬቱ አንድ ሦስተኛውን ይቀንስልሻል፤ በሥራ ቀን ግን ከጠዋቱ በፈረንጅ 10 ሰዓት በፊት ከተሳፈርሽ ቲኬቱ ከዚህ በታች አይወርድም የሚባል ዋጋ ስላለው ረፈድ አድርገሽ ውጪ።

እነዚህን ከተሞች ዝም ብዬ አልጠራሁልሽም። ራግቢ፣ ሊድስና ዊንዘር ልዑል ዓለማየሁ ያለፈባቸው ናቸው። አፄ ቴዎድሮስ በ1868 መቅደላ ላይ ሲሞቱ ልጁ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ መንገድ ላይ አረፉ፣ እሱን እንግሊዞች ይዘውት መጡ። ራግቢ ትምህርት ቤት አስገቡት። ዛሬ ራግቢ ያለው ዌዘርስፑን ሩፐርት ብሩክ ይባላል፤ በዚያች ከተማ የተወለደ ባለቅኔ ስም ነው። ስለ እኛ ልጅ ግድግዳው ላይ ብታጪ እንዳይከፋሽ ብዬ አስቀድሜ ነው የምነግርሽ፤ ከቤቱ ወጥተሽ እስከ ትምህርት ቤቱ በእግርሽ ሂጂ። ከዚያ ሊድስ። ሄዲንግሊ በሚባለው ሰፈር በኅዳር 1879 በሳንባ ሕመም ሞተ፤ 18 ዓመቱ ነበር። ሄዲንግሊ ላይ ጎልደን ቢም የሚባል ቤታቸው አለ፤ የጸሎት ቤት የነበረ ትልቅ ሕንፃ ነው። መጨረሻው ዊንዘር ነው። ንግሥት ቪክቶሪያ ባዘዙት መሠረት ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት ተቀበረ። መንግሥታችንም ሌሎች ኢትዮጵያውያንም አፅሙ እንዲመለስ ለዓመታት ጠይቀዋል፤ በ2023 ባኪንግሃም ቤተ መንግሥት የሌሎችን አፅም ሳይነኩ እሱን ማውጣት አይቻልም ብሎ መለሰ።

ዊንዘር ያለው ዌዘርስፑን ኪንግ ኤንድ ካስል ይባላል፤ ቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት ነው። የምለምንሽ ነገር ቢኖር እዚያ ስትደርሺ መጀመሪያ ፐቡ አትግቢ። ቤተ ጸሎቱ እሑድ ለጎብኚ ዝግ ነው፤ ክፍት የሚሆንበትን ቀን አይተሽ ሂጂ፣ የቲኬቱ ዋጋ ከከበደሽ ደግሞ ለማታው ጸሎት በነፃ ይገባል። የስሙን ሰሌዳ ፈልጊ፣ የምታውቂውን ጸሎት አድርሺ፣ ከዚያ ውጪና ሻይሽን ጠጪ። ዎርዚንግ ብትሄጂ ደግሞ ጃንሆይ በ1936 በስደት ሲመጡ የሰነበቱባት የባሕር ዳር ከተማ ናት። ባዝ ስትሄጂ የኖሩበትን ፌርፊልድ ሃውስን ሳታዪ አትመለሺ፤ በኋላ ለከተማው አረጋውያን መጠቀሚያ እንዲሆን ሰጥተውታል። ፈረንጁ ምንጣፍ ይቆጥር፤ አንቺ በዚሁ ጉዞ የሰዎቻችንን ዱካ ልትከተዪ ትችያለሽ፣ ይህ ለእነሱ የሌለ ለአንቺ ያለ ነገር ነው።

አሁን ወደ መጠጡ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ልቆጣ ነው። በየቤቱ አንድ ፒንት የሚል ደንብ ደብተርሽ ላይ እንዳትጽፊ። አንድ ፒንት 568 ሚሊ ሊትር ነው፤ ከአንድ ተኩል የአገር ቤት ጠርሙስ ቢራ በላይ ማለት ነው። የዚህ አገር የጤና ባለሥልጣናት ከ2016 ጀምሮ በሳምንት ከ14 ዩኒት በላይ አትጠጡ ይላሉ፤ አራት ፐርሰንቱ ፒንት 2.3 ዩኒት አለው፣ ስለዚህ ስድስት ፒንት የሳምንቱን ይሞላዋል። በአንድ ቀን አራት ቤት ላዳርስ ብለሽ በየቤቱ ብትጠጪ የት እንደምትደርሺ ራስሽ ደምሪው። የሌሊት ፈረቃ ወጥተሽ፣ ሳትተኚ፣ በባዶ ሆድሽ ሆኖ ደግሞ ይብሳል። ሲከፋሽ አትሂጂ። እማዬ አሟት ወይም ከአገር ቤት መጥፎ ዜና የሰማሽ ዕለት ጉዞው ይቅር፤ እኔ ጋ ነይ። ብቸኝነት ባንኮኒ ላይ ያስደገፋቸው ብዙ ያገሬን ልጆች እዚሁ ለንደን አይቻለሁ፤ ሁሉም በአንድ ብርጭቆ ነው የጀመሩት።

መጠጣት ግዴታ አይደለም፤ እዚህ ፐብ ማለት አገር ቤት እንደምናውቀው ግሮሰሪ አይደለም። ጠዋት ከፍተው ቁርስ ያበላሉ፣ አያቶች የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው ምሳ ይበላሉ። ቡናና ሻይ አንዴ ከከፈልሽ ኩባያሽን ወስደሽ ደጋግመሽ መሙላት ትችያለሽ። ረቡዕና ዓርብ ከጾምሽ ቪጋን የሚለውን ምልክት ፈልጊ፤ ድንቹንና ባቄላውን ስታዢ «ቅቤ የለበትም?» ብለሽ ጠይቂ፣ ካልጠየቅሽ ዳቦው ላይ ቀብተው ያመጡልሻል።

አስተናጋጅ መጥቶ ይጠይቀኛል ብለሽ ቁጭ እንዳትዪ። ባንኮኒው ጋ ሄደሽ ታዢያለሽ፣ እዚያው ትከፍያለሽ፣ መጠጥሽን ራስሽ ትይዣለሽ፤ ወይም የጠረጴዛሽን ቁጥር አይተሽ በስልክ ታዢያለሽ። ከእንግሊዝ የሥራ ጓደኞችሽ ጋር ከገባሽ ደግሞ ራውንድ የሚባል ሥርዓት አላቸው፤ አንዱ ለሁሉም ይገዛል፣ ቀጥሎ ሌላው፣ እንዲህ እያለ ይዞራል። እኛ ጋ የጋበዘ ይከፍላል፣ ሒሳብ ላይም እንጣላለን፤ እዚህ ግን ተራሽን ሳትገዢ ብትወጪ ይታሰብብሻል። አምስት ሆነው ከገቡ አምስት ዙር ይሆናልና ገና ከጅምሩ «እኔ የራሴን እገዛለሁ» በይ። ነውር የለውም።

የወረቀት ነገር። ፊትሽ የልጅ ነው፣ ዕድሜሽን ይጠይቁሻል። የመኖሪያ ካርዱ በኢቪዛ ከተተካ ወዲህ በኪሳቸው የሚያሳዩት መታወቂያ የሌላቸው ብዙ ልጆች አሉ። ፓስፖርትሽን ወይም የጉዞ ሰነድሽን ይዘሽ አትዙሪ፤ ከጠፋ መከራሽ ነው። የለማጅ መንጃ ፈቃድ በኢንተርኔት 34 ፓውንድ ነው፣ አውጪና እሱን ያዢ።

ከሁሉ በላይ ይህን ስሚኝ፦ አየርላንድ ሪፐብሊክ ሌላ አገር ነው። ካርታሽ ላይ ደብሊን ውስጥ ነጥብ ስላየሽ ብቻ ቲኬት እንዳትቆርጪ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ወይም የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ከያዝሽ ቪዛ ያስፈልግሻል፤ የብሪታንያ መኖሪያ ፈቃድሽ አያስገባሽም። ቤልፋስት የብሪታንያ ነው፣ እዚያ መሄድ ትችያለሽ። ነገር ግን በሰሜን አየርላንድና በሪፐብሊኩ መካከል ያለው ድንበር ኬላም አጥርም የለውም፤ አውቶቡሱ ሲሻገር አታውቂውም። ወዲያ ማዶ ተሳፋሪ የሚጠይቁ ፖሊሶች ይገጥማሉ። ለአንድ ፐብ ብለሽ የዓመታት ፋይልሽን አደጋ ላይ አትጣይ። የብሪታንያ ዜግነት እስክታገኚ ድረስ የሪፐብሊኩን ቤቶች ተያቸው። ኤርፖርት ውስጥ ካሉትም አንዳንዶቹ ከፍተሻው ወዲያ ስለሆኑ አገር ቤት ስትሄጂ ታዪያቸዋለሽ፤ ለእነሱ ብለሽ ቲኬት አትግዢ።

ማታ ከሆነ መጠጥሽን ጠረጴዛ ላይ ትተሽ አትነሺ። አንድ ሰው ካስቸገረሽ ባንኮኒው ጋ ሄደሽ «አንጄላ አለች?» በያቸው፤ በብዙ ፐቦች ሠራተኞቹ ይህን ሲሰሙ ችግር እንዳለብሽ ይገባቸዋል፣ ታክሲ ይጠሩልሻል ወይም ሰውየውን ያርቁልሻል። የቪክቶሪያ መስመር ዓርብና ቅዳሜ ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል፤ ኦቨርግራውንዱ ግን ያቆማልና ሰዓቱን ሳታዪ አትዘግዪ። የምትሄጂበትን ቤት ስም ከመውጣትሽ በፊት ላኪልኝ።

እማዬ ደግሞ ከሰው አፍ እንዳትሰማ። «ልጅሽን መጠጥ ቤት አየናት» የሚል አይጠፋም፤ ደሴ እስኪደርስ ደግሞ ሌላ ነገር ይሆናል። አንቺው ቀድመሽ ደውዪላት። የባቡር ጣቢያ ውስጥ ያለውን አዳራሽ በቪዲዮ አሳዪያት፣ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር የተቀመጡትን አሮጊቶች አሳዪያት፣ የዓለማየሁን ነገር ንገሪያት። ትረዳሻለች፤ እኔንም ከጠየቀችኝ ልክ ነው እላታለሁ።

በወር ሁለት ቤት ይበቃሻል፤ አንዱ ለንደን ውስጥ፣ አንዱ ውጭ። ገንዘቡንም ከምትልኪው ላይ አትቀንሺ፤ ከራስሽ ወጪ ቆጥበሽ አድርጊው። ቅዳሜ ኦፍ ነሽና ሮቸስተር ካስል ጀምሪ። የዊንዘሩን ቀን ስትቆርጪ ግን ንገሪኝ፤ እሱን አብረን ነው የምንሄደው።